ኬብሉ ተንሸራተተ፣ ምሰሶው ዘመመ፤ ጥፋቱ የክላምፑ ነው?

ጥያቄ፦ «አዳማ ከተማ ዳር፣ በቦኩ በኩል የዶሮ እርባታ አለኝ። ከቆጣሪው ቤት እስከ ዶሮ ቤቱ 84 ሜትር ነው። መሀል ላይ 8 ሜትር የባህር ዛፍ ምሰሶ አለ። አንደኛው ርቀት 44፣ ሁለተኛው 40 ሜትር ነው። የጎረቤት አጥር ስላለ መስመሩ ምሰሶው ላይ 60 ዲግሪ ያህል ይታጠፋል። ከ8 ወር በፊት ባለ 4 ክር፣ 16 ስኩዌር ሚሊ ሜትር የተጠማዘዘ የአሉሚኒየም ኬብል አዘረጋሁ። ለካሜራ ደግሞ ክብ፣ ጥቁር፣ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ፋይበር አስገባሁ፤ ላዩ ላይ ‹ኤዲኤስኤስ› (ብረት የሌለው፣ ራሱን በራሱ የሚሸከም) ይላል። ሁለቱም በአንድ ዓይነት የቡሎን ክላምፕ ነው የታሰሩት። ያኔ እንደ ክራር ክር ተወጥረው ነበር፤ መሀሉ ከአንድ ስንዝር በላይ አይረግብም። አሁን የመብራቱ ኬብል ክላምፑ ውስጥ ተንሸራቶ ወርዷል። ካሜራው ሊነጋጋ ሲል ይቋረጥና ረፋድ ላይ ይመለሳል። ምሰሶውም ወደ ውስጥ ዘሟል። የሰራው ልጅ ‹ክላምፑ ደካማ ነው፤ መንገድ ላይ ባለው ትልቅ መስመር ያለውን ዓይነት ገዝተን እንደገና እንወጥረው› ይለኛል። ልግዛ?»

አይግዙ። ትልቁ ክላምፕ ችግሩን አያጠፋውም፣ ቦታ ያስቀይረዋል እንጂ። ዛሬ የሚንሸራተተው ኬብል ነገ አይንሸራተትም፤ በምትኩ ምሰሶው ይወድቃል፣ ወይም ግድግዳው ጋንቾውን ይተፋዋል። የነገሩኝ ሦስት ነገሮች ሦስት ብልሽቶች አይደሉም። ሁሉም ከአንድ ነገር ይመጣሉ፤ መስመርዎ ከልክ በላይ ተወጥሯል። በዚያ ላይ ሁለት የማይመሳሰሉ ኬብሎች በአንድ ዓይነት እቃ ታስረዋል።

ከማብራሪያው በፊት ግን ዛሬውኑ የሚታይ ነገር አለ። የተንሸራተተው ኬብል ጫፉ ላይ ያለውን ማገናኛ እየጎተተ ሊሆን ይችላል። ከአራቱ ክሮች አንዱ ኒውትራል ነው። እሱ ከማገናኛው ከወጣ 220 ቮልት የለመዱት እቃዎች ላይ እስከ 380 የሚጠጋ ቮልት ሊደርስ ይችላል። አምፖሉ፣ ፍሪጁ፣ የካሜራው ፓወር ሳፕላይ አንድ ላይ ይሄዳሉ። መብራት አንዳንዴ በጣም ደምቆ አንዳንዴ ፈዞ ካዩ ብሬከሩን ወዲያው አውርዱና ባለሙያ ይጥሩ። ይህን ለቅዳሜ አያሳድሩት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ዴድ ኤንድ የምንለው መስመር በሚያልቅበት ወይም በደንብ በሚታጠፍበት ቦታ ኬብሉን የሚይዘውን እቃ ነው። ከማንጠልጠያ ክላምፕ ይለያል። ማንጠልጠያው ቀጥ ባለ መስመር መሀል ላይ ክብደት ብቻ ይሸከማል፤ የግራውና የቀኙ ጉተታ እርስ በርሱ ይጣፋል። ዴድ ኤንድ ግን ሙሉውን ጉተታ ይቀበላል። ተቀብሎም አያስቀረውም፣ ያስተላልፈዋል። ለጋንቾው ይሰጠዋል፣ ጋንቾው ለምሰሶው ወይም ለግድግዳው፣ ምሰሶው ለመወጠሪያ ሽቦው፣ ሽቦው ለመሬቱ። ስለዚህ «የቱ ክላምፕ ይጠነክራል?» የሚለው የመጀመሪያው ጥያቄ አይደለም። የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ኪሎ ጉተታ ነው የምናስተላልፈው?» የሚለው ነው።

ይህን ደግሞ ያለ ኮምፒውተር ማስላት ይቻላል። የኬብሉን የአንድ ሜትር ክብደት በርቀቱ፣ እንደገና በርቀቱ ያባዙ። የተገኘውን በ8 ያካፍሉ፤ ከዚያ መሀል ላይ ኬብሉ በወረደበት ልክ በሜትር ያካፍሉ። ያ መውረድ ርግበት ይባላል። የእርስዎ ኬብል በሜትር 270 ግራም ገደማ ይመዝናል። 44 ሜትር ላይ 88 ሳንቲ ሜትር ርግበት ቢሰጡት ጉተታው 74 ኪሎ ነው። 44 ሳንቲ ሜትር ቢሰጡት ወደ 150 ይደርሳል። በአንድ ስንዝር፣ ማለትም በ20 ሳንቲ ሜትር፣ 327 ኪሎ ይሆናል። 10 ሳንቲ ሜትር ለማድረግ ቢሞክሩ ከ650 ያልፋል። አራቱ ክሮች አንድ ላይ የሚበጠሱት 800 ኪሎ አካባቢ እንደሆነ አስቡት። ለዓይን የሚያምር ቀጥ ያለ መስመር የሚገኘው በዚህ ዋጋ ነው። ፍጹም ቀጥ ያለ መስመርማ የለም፤ ማንም ጉልበተኛ አያመጣውም።

ሁለተኛው የተሳሳተ ግምት «ኬብሉ ተለጠጠ» የሚለው ነው። ጥያቄዎ ውስጥ አላሉትም፣ ግን ብዙ ሰው ይለዋል፤ እርስዎም ሳያስቡት አይቀርም። 44 ሜትር ላይ 44 ሳንቲ ሜትር የረገበ ኬብል ከቀጥታው ርቀት የሚረዝመው በ12 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። 88 ሳንቲ ሜትር ሲረግብ ትርፉ 47 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ክላምፑ ውስጥ 3.5 ሳንቲ ሜትር መንሸራተት ርግበቱን እጥፍ ያደርገዋል። የሁለት ጣት ስፋት ያህል ማለት ነው። ከታች ሆኖ የሚያየው ሰው «ኬብሉ ወደቀ» ይላል፤ ክላምፑ ጋ ሲወጡ ግን እዚህ ግባ የማይባል ጭረት ነው የሚያገኙት።

የአዳማ ሌሊትም የራሱ ድርሻ አለው። አሉሚኒየም ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። ሙቀቱ በ15 ዲግሪ ሲወርድ 44 ሜትር ኬብል በ15 ሚሊ ሜትር ገደማ ማጠር ይፈልጋል። 88 ሳንቲ ሜትር የረገበ መስመር ይህን በቀላሉ ይሰጠዋል፤ ጉተታው የሚጨምረው በ14 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። በስንዝር የተወጠረው ግን የሚሰጠው ትርፍ የለውም። ያለው 2.4 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ በየሌሊቱ ከ100 ኪሎ በላይ ይጨመርበታል፣ ቀን ላይ ይለቀቃል፣ ማታ ደግሞ ይመለሳል። ክላምፑ 8 ወር ሙሉ እንዲህ ሲጎተትና ሲለቀቅ ከረመ። ቢንሸራተት ምን ይገርማል?

ነፋሱ ደግሞ አለ። ከአዳማ አጠገብ ያሉት ኮረብቶች ላይ 136 ተርባይን የተተከለው በከንቱ አይደለም። በመጀመሪያው ጣቢያ 34፣ በሁለተኛው 102፤ ሁሉም ተደምረው 204 ሜጋ ዋት። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ንፋስ የመብራት ኬብልዎን በእያንዳንዱ ሜትር ወደ 360 ግራም በሚጠጋ ኃይል ወደ ጎን ይገፋዋል። ይህ ከኬብሉ ከራሱ ክብደት ይበልጣል። ፋይበሩ ላይ ይብሳል፤ በሜትር 60 ግራም ገደማ የሚመዝን ቀላል ነገር ላይ 160 ግራም ግፊት ይመጣበታል። «ፋይበሩ ቀላል ስለሆነ ማንኛውም ነገር ይይዘዋል» የሚለው አባባል አዳማ ላይ አይሰራም።

ቀስ ያለው ንፋስም ተንኮለኛ ነው። ረጋ ብሎ የሚነፍስ፣ በሰከንድ 3 ሜትር ያህል የሆነ ንፋስ፣ የተወጠረ ቀጭን ኬብልን በሰከንድ 70 ጊዜ ገደማ ያንዘፈዝፈዋል። ጠዋት ጠዋት እምም የሚል ድምፅ ሰምተው ከሆነ እሱ ነው። ንዝረቱ ኬብሉ በተያዘበት አፍ ላይ ይጠራቀማል፣ እዚያው ያደክመዋል። በትልልቅ መስመሮች ላይ ከሽቦው ስር ተንጠልጥለው የሚታዩት፣ እንደ ጂም ዱምቤል ሁለት ጫፍ ያላቸው ብረቶች ለዚህ ነው የተሰሩት። ከ1920ዎቹ ጀምሮ አሉ። ለእርስዎ ግን እሱን መግዛት አያስፈልግም። ርግበቱን ሲመልሱ ዜማው ራሱ ያቆማል።

ካሜራው ለምን ሊነጋጋ ሲል ይቋረጣል? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ብር በከንቱ የሚወጣው እዚህ ነው። ሰው ካሜራ ይቀይራል፣ ኮንቨርተር ይቀይራል፣ ፋይበሩን እንደ አዲስ ያስበይዳል። የእርስዎ ፋይበር ውስጥ ብረት የለም። ጉተታውን የሚሸከመው ከላስቲክ ልባሱ ስር የተጠቀለለ ቢጫ ክር ነው፤ ጥይት የማይበሳው ልብስ ከሚሰራበት ዓይነት ጠንካራ ክር። ብርሃን የሚያልፍበት መስታወት ደግሞ ከመከለያው ጋር እንኳ ሩብ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የቡሎን ክላምፕ ይህን ክብ ኬብል ከላይና ከታች ሲጨፈልቀው የሚይዘው ልባሱን ብቻ ነው። ልባሱ በቢጫው ክር ላይ ይንሸራተታል። እንዳይንሸራተት ቡሎኑ ሲጠብቅ ደግሞ መስታወቱ ይጨመቃል፣ በማይታይ ልክ ይታጠፋል፣ ብርሃኑም በጎን ይፈሳል። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ላስቲኩ ይሰበሰባል። መስታወቱ ግን የማይሰበሰብ ያህል ነው። እጥፋቱ ይጨምራል፣ ካሜራው ይጠፋል። ፀሐይ ሲያርፍበት ይላላል፣ ካሜራው ይመለሳል። «ከጠዋቱ ቅዝቃዜ ጋር ሄዶ ረፋድ ላይ የሚመለስ» ምልክት የተበላሸ መሣሪያ ምልክት ሳይሆን የተጨመቀ ፋይበር ምልክት ነው።

ይህን ለማረጋገጥ የፋይበር ባለሙያውን አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁት፤ ብክነቱን፣ ማለትም መንገድ ላይ የሚጠፋውን ብርሃን፣ በ1310 ናኖ ሜትርም በ1550ም የብርሃን ሞገድ ይለካልዎ። ብክነቱ በ1550 ጎልቶ ከበዛ ፋይበሩ የሆነ ቦታ ታጥፏል ወይም ተጨምቋል። በሁለቱም ተቀራራቢ ሆኖ ከበዛ ጥርጣሬዎን ወደ ማገናኛው ወይም ወደ ብየዳው ያዙሩት። ልኬቱ ሌሊቱ ሲያልቅ ወይም ማለዳ ላይ ቢደረግ ይሻላል። እኩለ ቀን ላይ ከተለካ «ምንም የለውም» ተብለው ከፍለው ይሸኛሉ።

እሺ፣ ታዲያ በምን ይታሰር? የመብራቱን ኬብል እንይ። የተጠማዘዘ ኬብል ሁለት ዓይነት ነው፤ ሰው ሲገዛ ይህን አይጠይቅም። አንደኛው ዓይነት አንዱን ክር፣ ኒውትራሉን፣ ከጠንካራ ቅይጥ ሰርቶ ጉተታውን ሁሉ ለእሱ ይሰጣል። ብዙ ጊዜ ያ ክር 54.6 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ነው፤ ክላምፑም እሱን ብቻ ይይዛል፣ ሌሎቹ ክሮች በእሱ ላይ ተጠምጥመው ይሄዳሉ። ሁለተኛው ዓይነት አራቱም ክሮች እኩል የሆኑበት ነው፤ ጉተታውንም እኩል ይካፈላሉ። የእርስዎ ሁለተኛው ነው። ስለዚህ አራቱንም ክሮች በአንዴ የሚይዝ፣ ለ16 እና ለ25 የተሰራ ባለ ሽብልቅ ክላምፕ ነው የሚያስፈልግዎ። ሁለት የፕላስቲክ ሽብልቆች አሉት። ኬብሉ ሲጎተት ሽብልቆቹ ወደ ጠባቡ አፍ ይገባሉ፣ በተጎተተ ቁጥር ይበልጥ ይይዛሉ። ቡሎን የለውም፤ ማንም «ትንሽ ልጨምርለት» ብሎ አያበላሸውም። ከአራቱ አንዱን ክር ብቻ ይዞ ሌላውን ማንጠልጠል ወይም የኒውትራሉን ዓይነት ክላምፕ እዚህ መጠቀም ስህተት ነው። ሱቅ ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን ይሰቀላሉ፣ መልካቸውም ይቀራረባል። ላዩ ላይ የተጻፈውን ይዩ።

ለፋይበሩ የምመክረው ጠምዛዛውን የሽቦ መያዣ ነው። ሲያዩት እንደ ተፈታ ስፕሪንግ ነው፤ እጥፉ ላይ ቀለበት አለው፣ ሁለት እግሮቹ ኬብሉ ላይ በእጅ ይጠመጠማሉ። የጠምዛዛ ዘንግ ሐሳብ አዲስ አይደለም፤ ከ1947 ጀምሮ መስመሮች ላይ አለ። ብልሃቱ ቀላል ነው። ቡሎኑ በአምስት ሳንቲ ሜትር ላይ የሚጨምቀውን ኃይል ይህኛው በግማሽ ሜትርና ከዚያ በላይ ላይ ያከፋፍለዋል። የትኛውም ነጥብ አይጨፈለቅም። ውስጡ ላይ አሸዋ መሰል ሻካራ ነገር ተለጥፎበታል፣ የሚይዘው በእሱ ነው። ለአጭር ርቀት ረዣዥም የፕላስቲክ ሽብልቅ ያለው የፋይበር ክላምፕም ይሰራል፤ የአዳማን ንፋስ ሳስብ ግን እኔ ጠምዛዛውን እመርጣለሁ።

ጠምዛዛው ሦስት ነገር አይወድም። አንደኛ፣ ልኩ ያልሆነ ኬብል። ለ8 ሚሊ ሜትር የተሰራ ለ10 አይሆንም፣ ለ6ም አይሆንም፤ እግሩ ላይ ያለው የቀለም ምልክት ልኩን ይነግራል። ኬብሉን በካሊፐር ሳይለኩ አይግዙ። ሁለተኛ፣ ፒንሳ። በእጅ ነው የሚጠመጠመው፤ የመጨረሻዎቹን ጫፎች ለማስገባት ብቻ ጠፍጣፋ ጠመንጃ መፍቻ ይበቃል። ሦስተኛ፣ አሮጌነት። ገና ሲተከል ለማስተካከል አንድ ሁለቴ ማንሳት ይቻላል። ወራት ተጎትቶ የቆየውን ግን አውልቆ መልሶ መጠቀም አይቻልም፤ ጥምዝምዙ ከፍቷል፣ አሸዋው ረግፏል። አንድ ጊዜ እኔው ራሴ ለቁጠባ ብዬ አሮጌውን መለስኩት። ሳምንት አልቆየም። ሌላም አለ፤ ለምሰሶ መወጠሪያ የብረት ሽቦ የተሰራውን መያዣ ፋይበር ላይ የሚጠመጥሙ ሰዎች አሉ። ቅርፁ አንድ ነው፣ ጥንካሬው ግን ፋይበሩን ያንቀዋል።

«መንገድ ላይ ያለው መስመርስ በቡሎን አይደለም የታሰረው?» ሊሉኝ ይችላሉ። ልክ ነው፤ ግን እዚያ ያለው ባዶ የብረት ሽቦ ነው። 15 ወይም 33 ኪሎ ቮልት መስመር ላይ ከስኒው (ኤሌክትሪክ ከማያሳልፈው መለያ) ጋር የሚያያዘው ክላምፕ ሽቦውን በረጅም የተጠማዘዘ ቦይ ውስጥ አስተኝቶ በበርካታ ቡሎኖች ይይዘዋል። እያንዳንዱ ቡሎን በተወሰነ ልክ ነው የሚጠብቀው። ሽቦው እስከ መሀሉ ብረት ስለሆነ ይህን ይችለዋል። ከቆቃ እንደሚወጣው 132 ኪሎ ቮልት ባሉት ከፍተኛ መስመሮች ላይ ደግሞ ቱቦውን በሽቦው ላይ በሃይድሮሊክ ማሽን ጨምቀው አንድ አካል የሚያደርጉበት አሠራር አለ። እያንዳንዱ እቃ የራሱ ኬብል አለው። የፕላስቲክ ልባስ ያለውን ኬብል በዚያ ክላምፕ መያዝ ጠባብ የቆዳ ጫማን በመዶሻ እግር ውስጥ እንደ ማስገባት ነው።

ምሰሶው ጋ እንድረስ። 60 ዲግሪ የታጠፈ መስመር ምሰሶውን ወደ ውስጥ የሚጎትተው በአንድ ሙሉ የመስመር ጉተታ ልክ ነው። ሁለቱን ኬብሎች ስንደምር፣ በስንዝር ርግበት፣ አራት ኩንታል ይሆናል። አራት ኩንታል ጤፍ ምሰሶው ጫፍ ላይ አስረው ወደ ጎን ይጎትቱታል ማለት ነው፤ ቀንም ሌሊትም፣ ንፋስ ሳይጨመር። የአካባቢው አፈር ደግሞ በብዛት የእሳተ ገሞራ አመድና ፑሚስ ነው። ቀላልና ልል ነው፤ ጉድጓድ ለመቆፈር ይመቻል፣ ምሰሶ ለመያዝ ግን ሰነፍ ነው። በ2 በመቶ ርግበት፣ ማለትም ለ44 ሜትሩ 88 ሳንቲ ሜትር ሲሰጡት፣ ያው ጉተታ ወደ 90 ኪሎ ይወርዳል። ያም ቢሆን የሚታጠፍ ምሰሶ ያለ መወጠሪያ ሽቦ አይቆምም። ጥያቄዎ ውስጥ ስለ መወጠሪያ አንድም ቃል የለም፤ የለም ብዬ ወስጃለሁ።

መወጠሪያው የሚሳበው ከመታጠፊያው በተቃራኒ፣ ማዕዘኑን እኩል በሚከፍለው አቅጣጫ ነው። ከምሰሶው የሚርቀው በተቻለ መጠን ከታሰረበት ቁመት ጋር እኩል ይሁን። ያኔ ሽቦው የሚሸከመው የጉተታውን 1.4 እጥፍ ነው። ቦታ ጠቦዎት ርቀቱን በግማሽ ቢያሳጥሩት 2.2 እጥፍ ይሆናል። የሚቀበረው መያዣ ከ1.5 ሜትር ያላነሰ ጥልቀት ይግባ፤ ከላዩ የሚመለሰው አፈር በየሃያ ሳንቲ ሜትሩ ይጠቅጠቅ። ሽቦው ላይ፣ ሰው እጁ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ፣ የእንቁላል ቅርፅ ያለው ስኒ ይግባ። ኬብሉ ተልጦ ምሰሶውን ቢነካ ያ ስኒ ነው ከታች ያለውን ልጅ ወይም ፍየል የሚያድነው።

ምሰሶው ራሱስ? ኬሚካል ያልጠጣ ባህር ዛፍ ከሆነ ከመሬቱ አፍ ላይ ነው የሚበሰብሰው፤ ምስጥም የሚጀምረው እዚያው ነው። ዙሪያውን አንድ ክንድ ያህል ቆፍረው በመዶሻ ይምቱት። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው። ድም ካለ ወይም ሹል ብረት በቀላሉ ከገባው አውጡት። እኔ ብሆን በ9 ሜትር የታከመ ምሰሶ እቀይረዋለሁ፤ 1.5 ሜትር ይቀበራል። ምክንያቱም ፋይበሩ ከመብራቱ በታች፣ ቢያንስ 1 ሜትር ርቆ መታሰር አለበት። በ8 ሜትር ምሰሶ ላይ ሁለቱንም ርግበት ሰጥተው ይህን ሲያደርጉ መኖ የሚያመጣው አይሱዙ ፋይበሩን ጭነቱ ላይ ይዞት ይሄዳል። መኪና በሚያልፍበት ቦታ ዝቅተኛው ኬብል ከ5.5 ሜትር በታች እንዳይሆን። ለፋይበሩም ከመብራቱ ጋር ተመሳሳይ በመቶኛ ርግበት ይስጡት። ፋይበሩ ብቻ ቢወጠር እኩለ ቀን ላይ የመብራቱ ኬብል በሙቀት ሲወርድ መሀል ላይ ይቀራረባሉ።

ስለ ግድግዳው አጭር ነገር። የብሎኬት ሆዱ ባዶ ነው። ፊሸር ከቶ ጋንቾ ማጥበቅ ለፎቶ መስቀያ እንጂ ለዚህ አይሆንም። ቶፕ ታይ ቢሙ፣ ማለትም ግድግዳው አናት ላይ ያለው የኮንክሪት ቀበቶ ላይ ይታሰር፤ ያ ካልተመቸ ግድግዳውን ዘልቆ ከውስጥ በኩል ሰፊ ላሜራና ዳዶ ያለው ቡሎን ይግባ።

ምርጫዎች አሉ። ፋይበሩን በፕላስቲክ ቱቦ መሬት ውስጥ ቢቀብሩት የሱ ዴድ ኤንድ፣ ንፋስና ርግበት ሁሉ ይቀራል። 84 ሜትር ቁፋሮ ብዙ አይደለም፤ ግቢው ውስጥ ሌላ ቁፋሮ ካለዎት እንዲያውም ይሄን ይምረጡ። ሌላው፣ ሁለተኛ ምሰሶ ጨምሮ ርቀቶቹን ማሳጠር ነው። በእርስዎ ርቀት አያስፈልግም። ሦስተኛው፣ አሁን ባለው ላይ ክላምፑን ብቻ መቀየር። እሱን አልመክርም።

ቁርጥ ያለው ምክሬ ይህ ነው። ሁለቱንም መስመር አውርደው እንደገና ያሰሩ። ለመብራቱ ባለ ሽብልቅ ክላምፕ፣ ለፋይበሩ በልኩ የተገዛ ጠምዛዛ መያዣ ይግዙ፤ ሁለቱም ጫፍ ላይ አንድ አንድ፣ ምሰሶው ላይ ለየአቅጣጫው አንድ አንድ፣ በአጠቃላይ ለእያንዳንዱ ኬብል አራት። ምሰሶው ላይ ኬብሉ አይቆረጥም፤ በሁለቱ መያዣዎች መሀል ላላ ያለ ዙር ይተውለት። የፋይበሩ ዙር ከመሀል እስከ ጫፍ ከ16 ሳንቲ ሜትር አይነስ። ክላምፑ የነበረበትን የተጨፈለቀ የፋይበር ክፍል አዲሱ መያዣ ውስጥ አያስገቡት። ልኬቱ እዚያ ቦታ ላይ መጥፎ ከሆነ ፋይበሩ ይቀየር፤ 84 ሜትር ፋይበር ከሦስት ጊዜ ጥሪ ይረክሳል። የመብራቱም ኬብል ልባሱ ክላምፑ ውስጥ ከተላጠ በልባስ ቴፕ መሸፈን አይበቃውም።

ርግበቱን ለመለካት ዘመናዊ መሣሪያ አያስፈልግም። በሁለቱም ጫፍ ክላምፑ ካለበት 88 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብለው ምልክት ያስሩ፤ ለ40 ሜትሩ 80 ሳንቲ ሜትር። አንድ ሰው ከአንዱ ምልክት ወደ ሌላው በዓይኑ ያነጣጥር። የኬብሉ ሆድ ያንን መስመር ሲነካ መጎተቱ ይቁም። ቲርፎሩና (ኬብሉን የሚጎትተው የእጅ መሣሪያ) ኬብሉ መሀል ተንጠልጣይ ሚዛን ቢያስገቡማ ለ44 ሜትሩ 74 ኪሎ ገደማ ራሱ ያሳይዎታል። ሥራው ሙቀቱ መካከለኛ በሆነ ሰዓት ይሁን።

ሲሰራ ደግሞ ሁለት ነገር አደራ። መስመሩ ሲወርድ አንዱ ወገን ቀድሞ ከተለቀቀ ምሰሶው በሌላው ወገን ጉተታ ሊሰበር ይችላል፤ የዘመመ ምሰሶ ላይ ደግሞ ማንም መሰላል አያስደግፍ። መጀመሪያ ጊዜያዊ መወጠሪያ ይታሰርለት፣ ከዚያ ሁለቱም ወገን ተራ በተራ ቀስ እየተባለ ይላላ። ሁለተኛው ጄኔሬተሩ ነው። ብሬከሩ ወርዶ ጄኔሬተሩ በዶሮ ቤቱ በኩል ከተነሳ መስመሩ ሕይወት አለው። ቁልፉ ይወገድ፣ መስመሩ በቴስተር ይፈተሽ፣ ከዚያ ይነካ። ሥራውን ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይሥራው፤ ከቆጣሪው በፊት ያለውን ግን እሱም ቢሆን አይንካ፣ የኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። የአገልግሎቱን ምሰሶም ለፋይበርዎ ማሰሪያ አያድርጉት። ጫጩት በገባበት ሳምንትም አይጀምሩት፤ ግማሽ ቀን መብራት አይኖርም።

ሁሉም ካለቀ በኋላ በእያንዳንዱ ክላምፕ አፍ ላይ፣ ኬብሉ ላይ፣ በቀይ የጥፍር ቀለም ቀጭን ምልክት ያስደርጉ። ከአንድ ወር በኋላ፣ ከዚያ ደግሞ ኃይለኛ ንፋስ ባለፈ ቁጥር፣ ከታች ሆነው በስልክዎ ካሜራ አጉልተው ይዩት። መጀመሪያ ላይ ሽብልቁ ሲቀመጥ ጥቂት ሚሊ ሜትር ቢሄድ ችግር የለውም። ከ1 ሳንቲ ሜትር ካለፈ ግን የክላምፑ ልክ ከኬብሉ ጋር አይገጥምም ማለት ነው፤ ሳያጠብቁ ያስቀይሩት።